«አሳዳጊ የበደለው»፦ እናቶችን የከሰሰው ሳይንስና እዚህ ያልደረሰው ብይን

በአማርኛ ከሁለት ቃል የማትበልጥ፣ አጥንት የምትሰብር ስድብ አለች፤ «አሳዳጊ የበደለው»። ላይ ላዩን ሲያዩዋት ልጁን የምትሰድብ ትመስላለች። ልብ ብሎ ለሰማት ግን ልጁ ተበዳይ ነው፤ በዳዩ አሳዳጊው ነው። በብዙው ቤት ደግሞ አሳዳጊ ማለት እናት ናት።

አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ደፍኖ ይጮኻል። ሙዚቃው፣ ጡሩምባው፣ ግፊያው ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል። ረዳቱ ያጉረመርማል። ከኋላ ወንበር አንዷ ከንፈሯን ትመጣለች። ሌላው ያችን ስድብ ይወረውራል። እናትየው የሁለት ሰው ሒሳብ የከፈለችበትን መንገድ ሳትጨርስ «ወራጅ አለ» ትላለች። በቀጣዩ ሳምንት ከቤት መውጣት ያስፈራታል። ልጁ ኦቲዝም ይኑርበት አይኑርበት የጠየቀ የለም፤ ፍርዱ ግን ተሰጥቷል።

ይህ ያልተማረ ሰው ፍርድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። ታሪክ ግን ሌላ ይላል። ይኸው ክስ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ከታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ወጥቶ፣ በታዋቂ መጽሔቶች ተሠራጭቶ የአሜሪካንና የአውሮፓን እናቶች ከሩብ ምዕተ ዓመት ላላነሰ ጊዜ አሳምሟል። ክሱ እንዴት ተጀመረ? ማን አነሳው? የነፃነቱ ብይንስ አዲስ አበባ ደርሷል ወይ? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ከሚሲሲፒ የመጣው ልጅ

ዶናልድ ትሪፕሌት በ1933 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ፣ እናቱ የተማረች የባንክ ባለቤቶች ልጅ ነበረች። ልጁ ገና በሕፃንነቱ የሰማውን ዜማ ሳይስት ይደግማል፣ ቁጥር ይወዳል፣ ክብ ነገር ማሽከርከር አይሰለቸውም። እናቱ ስትገባና ስትወጣ ግን ቀና ብሎ አያያትም።

በዚያ ዘመን ሐኪሞች እንዲህ ላሉ ቤተሰቦች የሚሰጡት ምክር አንድ ነበር፤ ልጁን ለተቋም አስረክባችሁ ኑሯችሁን ቀጥሉ የሚል። ዶናልድ አራት ዓመት ሳይሞላው በ1937 ተቋም ገባ። ወላጆቹ አንድ ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ የተቋሙን ምክር ወደ ጎን ትተው አወጡትና ባልቲሞር ወደሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ሊዮ ካነር ወደሚባል የልጆች አእምሮ ሐኪም ወሰዱት። አባትየው ስለ ልጁ ጠባይ 33 ገጽ ደብዳቤ ጽፎ አስቀድሞ ልኮ ነበር።

ካነር በ1943 ዶናልድን ጨምሮ ስለ 11 ልጆች የሚተርከውን ዝነኛ ጽሑፉን አሳተመ። ዛሬ ኦቲዝም የሚባለው እክል በሕክምናው ዓለም ራሱን ችሎ የታወቀው በዚህ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ድምዳሜው ነው፤ ልጆቹ ከሰው ጋር የመግባባት ችግሩን ይዘው የተወለዱ ይመስላሉ ይላል። ሁለተኛው በጎን የገባ ትዝብት ነው፤ ወላጆቹ የተማሩ፣ በሥራና በንባብ የተጠመዱ፣ የሞቀ ፍቅር የሚያሳዩት ጥቂቶች ናቸው ይላል።

ዓለም ድምዳሜውን ትቶ ትዝብቱን ያዘ።

ለትዝብቱ ቀላል ማብራሪያ ነበረው። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ልጁን ይዞ ባልቲሞር ድረስ ሄዶ ካነርን ማግኘት የሚችለው ማን ነው? የተማረና ገንዘብ ያለው ሰው ነው። የደሀ ገበሬ ልጅ እዚያ አይደርስም። «ቀዝቃዛ» የተባለችው እናትም ስንት ዓመት እንቅልፍ አጥታ፣ ስንት ሐኪም ቤት ደጅ ጠንታ፣ ስንት ጊዜ አፍራ እዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች የመዘገበ የለም። ድካሟ የልጁ ሕመም ምክንያት ተደርጎ ተጻፈ። ውጤቱ ምክንያት ሆነ።

🔹 ፍሪጁ

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተጋጋለ። በ1948 ታይም መጽሔት እነዚህን ልጆች በውርጭ የተመቱ አስመስሎ የሚገልጽ ዘገባ አወጣ። በ1949 ካነር ራሱ ባሳተመው ሌላ ጽሑፍ ልጆቹ በረዶው በማይቀልጥ ፍሪጅ ውስጥ እንደተቀመጡ አድርጎ አቀረበ። «ፍሪጅ እናት» የሚለው ስም የተወለደው ከዚህ ነው። በ1960 ደግሞ ያው መጽሔት ከካነር ጋር ባደረገው ቆይታ፣ ወላጆቹ በረዷቸው ለቅጽበት ሲሟሟ ልጅ የወለዱ አስመስሎ ጻፈ።

ክሱ የተሰነዘረው በኦቲዝም ልጆች እናቶች ላይ ብቻ አልነበረም። በ1948 ፍሪዳ ፍሮም ራይክማን የተባለች ሐኪም ስኪዞፍሬንያ የሚባለውን የአእምሮ ሕመም ልጆቻቸው ላይ የሚያመጡ እናቶች አሉ ብላ ጽፋ ነበር። ዘመኑ የሰውን ሕመም ሁሉ ወደ ልጅነቱ፣ ልጅነቱን ደግሞ ወደ እናቱ መልሶ የሚፈታበት ዘመን ነበር።

ክሱን ወደ ጫፍ ያደረሰው ብሩኖ ቤተልሃይም ነው። የቪየና ተወላጅ አይሁዳዊ ሲሆን በ1938 ናዚዎች ይዘው በዳካውና በቡኸንቫልድ ካምፖች አስረውታል። ተፈትቶ አሜሪካ ከገባ በኋላ ከ1944 እስከ 1973 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረ የልጆች ማዕከል መራ። በ1967 «ባዶው ምሽግ» የተሰኘውን መጽሐፉን አወጣ። ክርክሩ አስደንጋጭ ነው። በናዚ ካምፕ ተስፋ ቆርጦ ከዓለም የተለየ እስረኛ አይቻለሁ፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅም እንደዚያው ነው ይላል። እንግዲህ ልጁ እስረኛ ከሆነ ቤቱ ካምፕ ነው። ጠባቂዋስ ማን ናት?

መጽሐፉ ገበያ አገኘ። ጸሐፊው በቴሌቪዥን ቀረበ፣ በየመጽሔቱ ተወደሰ። ዶክትሬቱ በሥነ ልቦና ወይም በሕክምና እንዳልነበረ በሰፊው የተወራው ከሞተ በኋላ ነው።

የሐሳቡ መዘዝ ወረቀት ላይ አልቀረም። መድኃኒቱ ልጁን ከእናቱ መለየት ሆነ። እናትየው ደግሞ ልጇን የጠላችበትን ስውር ምክንያት እንድታወጣ በሥነ ልቦና ሐኪም ፊት ለዓመታት ተቀመጠች። ካለቀሰች ጥፋተኛ ስለሆነች ነው፤ ካላለቀሰች ቀዝቃዛ ስለሆነች ነው። ስለ ልጇ በዝርዝር ከተናገረች እንደ ዕቃ ታየዋለች ተባለ፤ ካልተናገረች ግድ የላትም ተባለ። ማምለጫ አልነበራትም።

ከሁሉ የከፋው የልጇን ነገር ለማን ትንገር የሚለው ነበር። ሌላው በሽተኛ ልጅ ያላት እናት ጎረቤት ይጠይቃታል፣ ቤተሰብ ያግዛታል። ይህችኛዋ ግን ስለ ልጇ ሕመም አፏን በከፈተች ቁጥር የራሷን ወንጀል የምታወራ ያህል ነበር። ስለዚህ ዝም አለች።

🔹 ብይኑን ያነሱት ወላጆች ናቸው

ክሱ የወደቀው በፕሮፌሰሮች ቸርነት አይደለም። ተከሳሾቹ ራሳቸው ተነስተው ነው።

በርናርድ ሪምላንድ በሳንዲያጎ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። በ1956 የተወለደው ልጁ ማርክ ኦቲዝም ነበረበት። ሚስቱ ልጇን እንዴት እንደምትወድ በዓይኑ የሚያይ ሰው የፍሪጁን ተረት ሊያምን አልቻለም። የተጻፈውን ሁሉ ሰብስቦ ካነበበ በኋላ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ እናት ናት ጥፋተኛዋ ለሚለው ክስ አንድም የረባ ማስረጃ እንደሌለ፣ ነገሩ የአንጎል አፈጣጠር እንደሆነ ተከራከረ። የመጽሐፉን መቅድም የጻፈለት ሊዮ ካነር ነው። ሪምላንድ በመጽሐፉ መጨረሻ ወላጆች ሞልተው የሚልኩት መጠይቅ አያይዞ ነበር። ከየግዛቱ ደብዳቤ ጎረፈለት። ብቻዬን ነኝ ብላ የኖረች እናት ሁሉ ብቻዋን እንዳልሆነች ያወቀችው እንዲህ ነው።

በ1965 ኒው ጀርሲ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ሳሎን የተሰበሰቡ ወላጆች ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዷ ሩት ክራይስት ሱሊቫን የሰባት ልጆች እናት ነበረች፤ የማኅበሩም የመጀመሪያዋ ተመራጭ ፕሬዚዳንት ሆነች። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት የመማር መብት እንዲኖረው በ1975 ለወጣው የአሜሪካ ሕግ ከታገሉት አንዷ እሷ ናት። በእንግሊዝ ደግሞ ወላጆች ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1962 ነው። ከእነሱ መካከል የነበረችው ሎርና ዊንግ ራሷ የአእምሮ ሐኪም ናት፤ ራሷም ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት ናት። ኦቲዝም አንድ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ከቀላል እስከ ከባድ የሚዘረጋ ነው የሚለው የዛሬው ግንዛቤ በብዛት የእሷ ሥራ ነው።

የቤተልሃይም መጽሐፍ በወጣበት በዚያው በ1967 ክላራ ክሌይቦርን ፓርክ የምትባል እናት ስለ ልጇ «ከበባው» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተመች። እሱ ምሽጉ ባዶ ነው አለ። እሷ ግን እናት ምሽጉን ከብባ፣ ታግሣ፣ ልጇን ጠርታ ለማውጣት ስትደክም ምን እንደሚመስል ጻፈች። አንድ ዓመት፣ ሁለት መጽሐፍ። አንደኛው እናትን ከውጭ ሆኖ የፈረደባት፣ ሁለተኛው እናት ራሷ የመሰከረችበት።

በ1969 የወላጆቹ ማኅበር ዋሽንግተን ላይ ዓመታዊ ስብሰባውን ሲያደርግ 75 ዓመት የሞላው ካነር መድረክ ላይ ቆመ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እክሉ አብሮ የሚወለድ ነው ማለቱን፣ ቃሉ ግን ያለ ቦታው እንደተጠቀሰ ተናገረ። ከዚያም ወላጆችን ከጥፋት ነፃ ማለቱን በይፋ አወጀ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት እናቶች ቆመው አጨበጨቡ። ካነር ራሱ ስለ ፍሪጁ የጻፈውን አላነሳም። ቢሆንም የከሰሰው አፍ ብይኑን ማንሳቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

የሳይንሱ ማረጋገጫ በ1977 መጣ። ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ረተር በእንግሊዝ 21 ጥንድ መንትዮችን አጠኑ። አንድ ዓይነት ዘር ከሚጋሩት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው። እንደ ተራ ወንድማማች ከሆኑት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም ሁለቱ አንድ ላይ አልተገኘባቸውም። ሁሉንም መንትዮች ያሳደጓቸው እናቶች ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው ግን የዘር ውርስ ነው።

🔹 ነፃ የወጣችው እናት ምን አገኘች?

ታሪኩ እዚህ ላይ በመልካም ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ክሱ ሲነሳ ሸክሙ አልተነሳም።

በ1987 ኢቫር ሎቫስ የተባለ ባለሙያ በሳምንት 40 ሰዓት በሚደረግ ልምምድ ልጆች ትልቅ ለውጥ እንዳሳዩ ጻፈ። 40 ሰዓት የአንድ ሙሉ ሠራተኛ ሥራ ነው። ባለሙያ የሚከፈለው በሌለበት ቤት ማን ይሥራው? እናት። «ልጅሽን ያሳመምሽው አንቺ ነሽ» የሚለው ድምፅ «ልጅሽን ማዳን የምትችይው አንቺ ነሽ» በሚል ተተካ። ሁለተኛው ደግ ይመስላል። ልጇ ሳይናገር ሲቀር ግን እንደገና ተጠያቂዋ እሷው ናት።

በ1998 ደግሞ አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ ሐሰት መሆኑ ተረጋግጦ በ2010 ተሰርዟል። እስከዚያ ግን ስንት እናት «ክትባት ጣቢያ የወሰድኩት እኔ ነኝ» እያለች ራሷን በላች።

በ2010 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሚመሩ ተመራማሪዎች ኦቲዝም ያለባቸውን ወጣቶች የሚያሳድጉ እናቶችን ሰውነት ለኩ። ኮርቲሶል የሚባለው ሰውነት ጭንቀትን የሚቋቋምበት ሆርሞን ለረጅም ጊዜ በከባድ ጭንቀት ውስጥ በኖሩ ሰዎች፣ ለምሳሌ ጦር ሜዳ በቆዩ ወታደሮች፣ የሚታየውን መዛባት አሳየ። ወታደር ግን ፈረቃ አለው፣ ፈቃድ አለው፣ ጦርነቱም አንድ ቀን ያበቃል። እናትየው ስትተኛም በአንድ ጆሮዋ በሩን ታዳምጣለች፤ ልጇ በሌሊት ተነስቶ ከቤት እንዳይወጣ።

ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ተስፋ መቁረጥ በእነዚህ እናቶች ላይ ከሌሎች እናቶች በርክቶ እንደሚታይ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶች ያሳያሉ። ይህ የፍቅር ማነስ ምልክት አይደለም። ያለ እረፍትና ያለ ረዳት የሚሠራ ሰው የሚታመመው ሕመም ነው።

🔹 አዲስ አበባ

ኢትዮጵያ ውስጥ የፍሪጁ ተረት ብዙም አልተሰማም። ቦታው ግን ባዶ አልነበረም። እርግማን፣ ልክፍት፣ ቡዳ፣ የእናት ኃጢአት የሚሉ ማብራሪያዎች ቀድመው ይዘውታል። ቪየናም ትሁን መንደር፣ ጣቱ የሚቀሰረው ወደ አንድ ሰው ነው።

ይህን ዝምታ በአደባባይ ከሰበሩት የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ከአሜሪካ ተመልሰው የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። ወንድ ልጃቸው ኦቲዝም አለበት። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በቴሌቪዥን ቀርበው ልጄ ኦቲዝም አለበት ማለታቸው ራሱ በጊዜው ትልቅ ድፍረት ነበር። ፊደልን በድምፅ የሚያስተምር አቡጊዳን መሠረት ያደረገ ዘዴም ፈጥረዋል። በ2021 እስካረፉ ድረስ ሲያነሱት የኖሩት ጉዳይ በየጓዳው ስለተደበቁ ልጆችና ስለ እናቶቻቸው ነበር። ከእሳቸው በኋላ እንደ ነህምያ ያሉ በወላጆች የተመሠረቱ ማዕከላት ተከትለዋል። የኒው ጀርሲው ሳሎን ታሪክ አዲስ አበባም ላይ ተደግሟል፤ መንግሥት ወይም ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን እናት ቀደመች።

በ2016 የታተመ አንድ ጥናት የዕድገት እክል ያለባቸውን ልጆች ይዘው በአዲስ አበባ ወደሚገኙ ሁለት የልጆች አእምሮ ሕክምና ክሊኒኮች የመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቋል። ከመቶ 45ቱ በልጃቸው ሁኔታ እናፍራለን ብለዋል። ከመቶ 43ቱ ሰው በሌላ ዓይን ያየናል ብለው ይሰጋሉ። ከመቶ 27 የሚጠጉት የልጃቸውን ሁኔታ በምሥጢር ለመያዝ ይጥራሉ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ደፍረው ክሊኒክ የመጡት ናቸው። ያልመጡት አልተቆጠሩም። የልጁን ችግር ምክንያት ሲጠየቁ ገሚሱ የምጥ ችግርን ወይም የጭንቅላት ጉዳትን ሲያነሱ፣ ሌሎች መንፈስን ወይም ኃጢአትን ጠቅሰዋል። ምን ጎደላችሁ ሲባሉ ግን ከአራት ሦስቱ የተናገሩት ስለ ትምህርት ነው፤ ልጃቸው የሚማርበት ቦታ።

ይህ መልስ ብዙ ይናገራል። ልጁ ጠዋት የሚሄድበት ቦታ ካለ እናትየው ትሠራለች፣ ትተኛለች፣ ከሰው ጋር ቡና ትጠጣለች። ለእናት ድብርት የመጀመሪያው መድኃኒት የልጁ ትምህርት ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንዳንድ ሰዎች ችግሩ የእምነት ነው ይላሉ። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ጠበል ሄዳ፣ ተሰልሳ ወይም ዱአ አስደርጋ የምትጽናና እናት ብዙ ናት፤ ያን ማጽናኛ የሚነጥቃት ሰው ምትኩን መስጠት አለበት። የሚጎዳት «ምን በድለሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከአውደ ምሕረትም ይምጣ ከሐኪም ወንበር፣ ጉዳቱ ያው ነው።

የተጀመሩ መልካም ነገሮች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚህ ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ የአሳዳጊዋ የራሷ ጤንነትም ከትምህርቶቹ አንዱ ነው። ስለ ዕድገት እክል የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለልጆቹ ያላቸው አመለካከት ካልሠለጠኑት የተሻለ መሆኑም ተጠንቷል። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አገሪቱ በ2010 አጽድቃለች። ከዚህ ሁሉ በቀጥታ የሚጠቀሙት ግን ከሚያስፈልጋቸው ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው። ማዕከላቱም በብዛት ያሉት በመዲናዋ ነው።

🔹 ብይኑን ማን ያድርስ?

ዶናልድ ትሪፕሌት፣ ያ ፎረስት ላይ የተወለደው ልጅ፣ 89 ዓመት ኖሮ በ2023 አረፈ። ባንክ ሠርቷል፣ መኪና ነድቷል፣ ዓለምን ዞሯል። ምሥጢሩ ተአምረኛ መድኃኒት አልነበረም። ቤተሰቡ ገንዘብ ነበረው፤ እናቱ ከተቋም መልሳ አምጥታዋለች፤ ከሁሉም በላይ ግን የከተማው ሰው እንደ ራሱ ልጅ ተቀብሎታል። ትምህርት ቤቱ አስገብቶታል፣ ባንኩ ቀጥሮታል፣ ጎረቤቱ ጠብቆታል። ሸክሙ በእናቱ ትከሻ ላይ ብቻ አልቀረም።

ኢትዮጵያ የፎረስት ሀብት የላትም። ጎረቤት ግን አላት። እድር አላት። ማኅበር አላት። እድር ሞት ያለበት ቤት ድንኳን ይዞ ለመድረስ ሰዓት አይፈጅበትም። በሕይወት ያለ ልጅ ይዛ ዓመታት የተዘጋባት እናት ቤት ግን አይሄድም፤ ማንም ስላልሞተ። ሁለት ሰዓት ልጁን የሚጠብቅላት፣ ክሊኒክ አብሯት የሚሄድ፣ ወይም ቁጭ ብሎ የሚያዳምጣት ሰው መላክ ግን ከድንኳኑ አይከብድም።

ካነር ዋሽንግተን ላይ ያነሳው ፍርድ በሚኒባሷ ውስጥ አሁንም አልተነሳም። እዚያ የሚያነሳው ፕሮፌሰር አይመጣም። የሚያነሳው አጠገቧ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው፤ ከንፈሩን ከመምጠጥ ይልቅ መስኮቱን ከፍቶ፣ ሙዚቃው እንዲቀነስ ረዳቱን ጠይቆ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ አትውረጂ» ያለ ዕለት።